በቀትር ስለታሸገችብን ፀሐይ

ለክቡር የሐይቅ ዳር የኃይል ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለሹመትዎና ለዕድሜዎ የሚገባውን አክብሮት በታላቅ ትሕትና እያቀረብሁ፣ ጤናዎ ቢሮዎን እንደሚያበራው መብራት ለቅጽበት እንኳ ሳይቋረጥ እንዲዘልቅልዎ፣ ቤተሰብዎም በምሕረቱ ጥላ ሥር ውሎ እንዲያድርልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በጣና ዳርቻ፣ ከደቅ ደሴት ትይዩ፣ በደንገል ዳር መንደር የምንኖር ሰዎች፣ ፈጣሪ ይመስገንና፣ ደኅና ነን፤ ደኅና የምንሆነው ግን የመብራት መስመርዎ ባለ ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ጊዜ ደኅና እንሆን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ያውቃል።

ደብዳቤውን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሁሉ ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑን የሚያበሥር አንድ ዓይነት መልስ ይዘው ስለተመለሱ፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ የሂደቱን መጨረሻ አያለሁ ብዬ ተስፋ ለማድረግ ስለደከመኝ፣ ምናልባት ብዙ ሰው ያነበበው ደብዳቤ ወደ ጠረጴዛዎ የሚወስደውን መንገድ ያውቅ ይሆናል ብዬ ነው። የምጽፈውም አቤቱታ አይደለም፤ አቤቱታው አልቆብኛል፤ የቀረኝ ምስጋና ብቻ ነውና እርሱኑ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

ሆኖም ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ቢኖር ነገሩ እንዳይጨልምበት ከሥሩ ልጀምር። የእርስዎ መስመር ወደ መንደራችን ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት፣ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት መሐንዲሶቹ ማይክሮግሪድ የሚሉትን፣ እኛ ግን «የመንደር መብራት» ብለን የጠራነውን፣ ተክሎልን ሄዷል። አሠራሩ በሽማግሌ አእምሮ እንኳ የሚገባ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የተደረደሩት የፀሐይ ሰሌዳዎች ቀን የለቀሙትን ኃይል ባትሪዎች ያከማቹታል፣ ኢንቨርተር የሚባለው ሣጥን ያንን ቤት ለሚገባ መብራት እንዲስማማ አድርጎ ይለውጠዋል፣ ከዚያም በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ ተሳፍሮ ወደ ጤና ኬላው፣ ወደ ወፍጮው፣ ዓሣ ወደሚቀመጥበት ማቀዝቀዣና ወደየቤታችን ይደርሳል። ከሩቅ ግድብ ተነሥቶ ሸለቆና ተራራ አቋርጦ የሚመጣ ስላይደለ፣ ወሬታ ላይ የወደቀ ዛፍ ወይም ማክሰኝት ላይ የተቃጠለ ትራንስፎርመር እኛን ጨለማ ውስጥ አይጥለንም ነበር። «ነበር» የሚለውን ቃል እባክዎ ልብ ይበሉልኝ።

ድርጅቱ ሲሄድ ጠባቂ አልቀጠረልንም፤ እኛም ካህናቱ በየሳምንቱ ተራ ገብተው መቅደሱን እንደሚያገለግሉ ሁሉ፣ ለመብራቱ ሰሙነኛ ሠራንለት። ሳምንቱ የደረሰው ቤት ሰሌዳዎቹን ከአቧራና ከሐይቁ ወፎች ኩስ ያጸዳል፣ የባትሪውን መጠን ይከታተላል፣ ኃይል ሲያንስም ለዚሁ በዛፍ ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ደውሎ ወፍጮው እንዲያርፍ፣ ጤና ኬላው ግን እንዳይነካ ያደርጋል። በእኛ በዓል ሰሙነኛው ሙስሊሙ ጎረቤታችን ነው፤ በዒድ ደግሞ እኛ እንገባለን፤ በዚህም ምክንያት መብራታችን በዓል የሚባል ነገር አያውቅም።

ኋላ የእርስዎ መስመር በመጣ ጊዜ መሐንዲሶቹ ሁለቱን አጋቡልን፤ ጋብቻውም ያማረ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ለማስረዳት ማኅሌት ይበቃዋል፤ ቀኝና ግራ ትይዩ የቆሙት መዘምራን አንዱ ወገን ሲያርፍ ሌላው በዚያው ምት እንደሚቀበል፣ ዜማው ግን ሳይበጠስ እንደሚቀጥል፣ እንዲሁ በሁለቱ መካከል የቆመው መለያ ማብሪያ ዋናው መስመር ሲሞት መንደራችንን ከእርሱ ነጥሎ በራሳችን ፀሐይ ያቆየን ነበር፤ መስመሩ ሲመለስም ወዲያው ዘሎ አይገባም፤ የከበሮውን ምት አዳምጦ መቋሚያውን እንደሚያነሣ መሪጌታ፣ የሁለቱ ኃይል ምት እስኪገጥም ይጠብቅና ያገናኛቸዋል። ክረምት ደመናው ሲከብድ መስመርዎ እኛን ይረዳል፤ በበጋ ቀትር የተረፈንን እኛ ለመስመርዎ እንሰጣለን። ሰሚ ቢያገኝ ይህ ለአገር የሚተርፍ ነገር ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ። መስመሩ በተመረቀ ዕለት ከሐይቁ ዳር በተተከለው ድንኳን ሥር ስላደረጉልን ረጅምና የማይረሳ ንግግር አመሰግናለሁ። የመንደር መብራት የትናንት ነገር መሆኑን፣ ከእንግዲህ ዓይናችንን በዋናው መስመር ላይ ብቻ እንድንጥል፣ የድምፅ ማጉያውም ያለ አንዳች መቆራረጥ መናገሩ ለዚህ ምስክር መሆኑን በድምፅ ማጉያው ነግረውናል። በዚያ ሰዓት ከእርስዎ በቀር ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው ሁሉ አንድ ነገር እናውቅ ነበር፤ መስመርዎ ንግግሩ ከመጋመሱ አስቀድሞ ጠፍቶ፣ መለያው በዓይን ጥቅሻ ነጥሎን፣ ድምፅዎን ሐይቁን አሻግሮ ይወስድ የነበረው የትናንት ያሉት የመንደራችን መብራት ነበር። ሰሙነኛው ሊነግርዎ ብድግ ሲል፣ እንግዳ በንግግሩ መካከል አይታረምም ብለን ጎትተን አስቀመጥነው። ጭብጨባችን የሞቀው ስለዚህ ነው፤ በሌላ ምክንያት መስሎዎት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪ኛ። ከምርቃቱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ስለ ደኅንነታችን ስለተጨነቁልን አመሰግናለሁ። የላኩልን ደብዳቤ ሁለት ምክንያት ዘርዝሮ መለያው ማብሪያ ሁለቱን እንዳገናኘ በቁልፍ እንዲዘጋና በማኅተም እንዲታሸግ አዝዟል። የመጀመሪያው ምክንያት፣ ሠራተኞችዎ በጠፋ መስመር ላይ ወጥተው ሲጠግኑ የእኛ ኃይል ወደ ኋላ ፈስሶ እንዳይገድላቸው ነው። በዚህ ፍርሃት አልስቅም፤ ምሰሶ ላይ የሚወጣው የሰው ልጅ ነው፤ እናትም ቤት ትጠብቀዋለች። ነገር ግን መለያው የተፈጠረው ለዚሁ አልነበረምን? እርሱ ሲለይ ከእኛ ወደ ውጭ የሚሄድ ኃይል የለም፤ ሠራተኛውም በሰላም ይጠግናል፣ እኛም በሰላም እናበራለን። አሁን ግን መለየት ስለተከለከለ፣ መስመርዎ ሲሞት ኢንቨርተራችን ሠራተኛውን ላለመግደል ሲል ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ባትሪዎቹ እስከ አፋቸው ሞልተው፣ መንደራችን ከባሕር ዳር ጋር በእኩልነት ይጠፋል። እኩልነትን በዚህ መንገድ ስላስተማሩን ውለታዎ አይረሳም።

ሁለተኛው ምክንያትዎ ቋሚ ተጠሪ የለንም የሚል ነው። ሰሙነኛ ማለት ምን እንደሆነ ለላኩት ሰው አስረዳነው፤ እርሱም የሰሙነኛውን የቅጥር ደብዳቤ እንድናሳየው ጠየቀን። በዚያች ሳምንት ተረኛ የነበረው ዓሣ ነጋዴው ሙሀመድየሱፍ፣ ካህናቱስ በሰሙናቸው ሲገቡ የቅጥር ደብዳቤ ያሳያሉ ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀው፤ ባለቤቱ ሐሊማ ደግሞ ከዓሣ መክተፊያዋ ሳትነሣ፣ እንግዲያው ፀሐይ ላይ ቋንጣ ለማስጣትም ከዛሬ ጀምሮ ማመልከቻ እንጽፍ እንደሆነ ይነገረን አለች። ሁሉም ሳቀ፤ ባለሙያዎም ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላም ቆለፈው።

ቆልፎ ሲመለስ በየኔታ ጥዑመ ልሳን ደጅ አለፈ። የኔታ በመንደራችን የድጓ መምህር ናቸው፤ ከአንድ ትውልድ በላይ ሲያዜሙ የኖሩበት ሳንባ ዛሬ አልታዘዝ ብሏቸው፣ ከአየሩ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫቸው በሚልክ ማሽን ይተነፍሳሉ። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ መብራት የማይጠፋበት ቦታ ይኑሩ ብሎ ባዘዘ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ካሉት ዘመዶቻቸው እንዲህ ያለ ቤት አለኝ የሚል አልተገኘም፤ ስለዚህ በጀልባ ጭነን ወደ ደንገል ዳር አመጣናቸው። ከከተማ ወደ ገጠር ለመብራት ሲባል የተሰደደ ሰው ከእርሳቸው በቀር አላውቅም።

የኔታ በደጃቸው ተቀምጠው ነበርና፣ ባለሙያዎ ቁልፉን በፊርማ ተረክቦ እንደሚሄድ ሲሰሙ ጠርተው አስቆሙት። ቃላቸውን በሁለት ትንፋሽ ከፍለው እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ቁልፉን በፊርማ ከተረከብህ... እኔንም በፊርማ ተረከበኝ።»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ «እኔ የታዘዝሁትን ነው፣ የኔታ» አለ። በእርሱ አላዘንሁበትም፤ መልካም አስተዳደግ ያለው ልጅ ነው። ነገር ግን የኔታን ሳይፈርምላቸው ሄደ፤ እስከ ዛሬም ማን እንደተረከባቸው አናውቅም።

፫ኛ። ይህን ምስጋና ባልጽፈው እወድ ነበር፤ ደክሞኛል፤ ቢሆንም ተራው ስለደረሰ እጽፈዋለሁ። የአስተርእዮ ማርያም በዓል ሊገባ ሲል፣ በጠራ ቀትር፣ የኔታ በደጃቸው ካለው ዋርካ ሥር ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው የበዓሉን ዜማ ያስጠኑ ነበር። የማሽኑ ገመድ በመስኮት በኩል ወጥቶ እግራቸው ሥር ደርሷል። ከታመሙ ወዲህ እርሳቸው አያዜሙም፤ ጣታቸውን እያነሡና እየጣሉ ያርማሉ እንጂ። በዚያ መካከል ማሽኑ ጮኸ፤ ከዚያም ዝም አለ። መስመርዎ ጠፍቶ ነበር።

ልጃቸው እናትዓለም ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተቀመጠውን የኦክስጅን ሲሊንደር ለማምጣት ሮጠች። ሲሊንደሩ ከዚያ በፊት በነበረው መጥፋት አልቆ፣ ለመሙላት ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን ጀልባ ይጠብቅ ነበርና ባዶውን ይዛ ተመለሰች፤ ባዶ መሆኑን እያወቀች ለምን ይዛው እንደመጣች ኋላ ብትጠየቅ፣ ባዶ እጄን ብመጣ ያዩኛል ብዬ ነው አለች። የየኔታ ከንፈር ቀለሙ ሲለወጥ ሁላችንም አየን። በላያችን ላይ ያለችው ፀሐይ ግንባር ታቃጥል ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሰሌዳዎቹ ሲያብረቀርቁ ከተቀመጥንበት ይታዩናል፤ ከእነርሱና ከየኔታ ትንፋሽ መካከል የነበረው አንድ ቁልፍና አንድ ማኅተም ብቻ ነው።

በዓሉ የእኛ ስለነበረ የሳምንቱ ሰሙነኛ ሙሀመድየሱፍ ነው። የብረት መጋዙን ይዞ መጥቶ ከየኔታ ፊት ተንበረከከ።

«የኔታ፣ ይፍቀዱልኝ፤ ልቁረጠው» አለ። «እስሩን እኔ እችለዋለሁ፤ ይህን ማየት ነው የማልችለው።»

የኔታ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። የመንግሥት ማኅተም የሰበረ ሰው ምን እንደሚደርስበት፣ ያ ሰው ሙሀመድየሱፍ ሲሆን ደግሞ ወሬው በምን መልክ ተለውጦ ከተማ እንደሚገባ፣ ትንፋሽ ባጡበት ሰዓትም አላጡትም። ከዚያ ዜማቸውን አቋርጠው ወደ ቆሙት ተማሪዎች ጣታቸውን አነሡ፤ ቀጥሉ ማለታቸው ነበር። ልጆቹ እያለቀሱ ቀጠሉ። ሙሀመድየሱፍ መጋዙን እንደያዘ ከጎናቸው ተቀመጠና እጃቸውን ያዘ። ሲሊንደሩን ይዛ የቆመችውን እናትዓለምን ማንም ተቀመጪ ያላት የለም።

መስመርዎ ደስ ባለው ሰዓት ተመለሰ። ማሽኑ ተነሣ፤ የኔታም ቀስ በቀስ ተመለሱልን። ሐኪሙ ግን ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባቸው እንደማይመለሱ ነግሮናል። የምለምንዎት ስለ ወፍጮው አይደለም፤ ስለ ሐሊማ ዓሣም አይደለም፤ ስለዚህች ስለ ሁለተኛዋ ነው። መቼ እንደሆነች ካወቁ ለእናትዓለም ይንገሯት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽኑ በተሰማ ቁጥር ትደነግጣለች፣ ባልተሰማ ቁጥርም ትሮጣለች።

፬ኛ። በመጨረሻ በቢሮዎ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ይህ ከሆነ በኋላ ከሙሀመድየሱፍ ጋር በጀልባ መጥተን በእንግዳ መቀበያዎ ተቀምጠን ነበር። ስብሰባ ላይ ስለነበሩ አላገኘንዎትም፤ ነገር ግን ቁጭ ብለን ሳለ የከተማው መብራት ጠፋ። የመንገዱ ሱቆች ሁሉ ጨለሙ፤ የእርስዎ ሕንፃ ግን አንዴ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ከግቢው ጥግ አንድ ነገር ማጓራት ጀመረ። ጸሐፊዎን ምንድን ነው ብለን ብንጠይቃት፣ ጄኔሬተር መሆኑን፣ መስመሩ ሲጠፋ ሕንፃውን በራሱ ከመስመሩ ነጥሎ ሥራ ሳይስተጓጎል እንዲቀጥል የሚያደርግ ማብሪያ መኖሩን፣ መስመሩ ሲመለስም በራሱ እንደሚያገናኘው በኩራት አስረዳችን። ሙሀመድየሱፍ ማኅተም አለው ወይ ብሎ ጠየቃት። የለውም አለች። እኔ በቅኔ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰምና ወርቅ የሌለው፣ ሁሉም ነገር በግልጽ የተቀመጠበት ነገር ግን አይቼ አላውቅም።

ክቡር ሆይ፤ የምንለምነው ብዙ አይደለም። መለያውን የሚፈትሽ አንድ ባለሙያ ይላኩልን፤ ከእኛ ወደ መስመርዎ የሚያልፍ ኃይል ካገኘ እኛው ራሳችን ቁልፉን መልሰን እንዘጋለን። ካላገኘ ግን ቁልፉን ለሰሙነኛው ያስረክብ፤ ሰሙነኛው በየሳምንቱ ቢለወጥም ፀሐይዋ አንድ ናት፣ የምትለወጥም አይመስለንም። ቋሚ ተጠሪ የግድ ከሆነ የእኔን ስም ይጻፉ፤ በዚህ ዕድሜዬ ከደንገል ዳር ወዴትም አልሄድም፤ ከዚህም በላይ ቋሚ ልሆንልዎ አልችልም።

ይህ የማይሆን ከሆነ ግን መንደሩ ተሰብስቦ የተስማማበትን ላስታውቅዎት ታዝዣለሁ። ከመጪው ሰንበት ማግስት የኔታን ከነማሽናቸው በሙሀመድየሱፍ ጀልባ አሳፍረን ወደ ቢሮዎ እናመጣቸዋለን። ሐኪማቸው መብራት የማይጠፋበት ቦታ ይኑሩ ብሏል፤ በጣና ዙሪያ ሁሉ እንዲህ ያለ ቦታ ከእርስዎ እንግዳ መቀበያ በቀር አልቀረልንም። ተማሪዎቻቸው ይከተሏቸዋል፤ ዜማቸውን በለሆሳስ ያጠናሉ፤ ስብሰባዎን አይረብሹም። እናትዓለምም ትመጣለች፤ እርሷ ደግሞ ባዶ ሲሊንደር ታቅፋ መቆም ለምዳለችና ወንበር አታጣብብም። ከእርስዎ የምንፈልገው ባለሙያዎ በዚያች ቀን ሳይፈርም የሄደውን አንድ ፊርማ ብቻ ነው፤ ቁልፉን ተረክበዋልና የኔታንም ይረከቡልን።

ለተደረገልንና ለተደረገብን ሁሉ እያመሰገንሁ፣ ለሥልጣንዎ መጽናትን፣ ለጄኔሬተርዎ ነዳጅን፣ ለእኛም ከዚያ የተረፈውን ብርሃን እየተመኘሁ፣ ቁልፉ ከእርስዎ ዘንድ በሰላም መቀመጡን በማወቄ ብቻ እየተጽናናሁ፣ ታዛዥዎ ሆኜ እቆያለሁ።

መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ሣህሉ
የደንገል ዳር ጊዮርጊስ የቀድሞ የቅኔ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእንግዳ መቀበያዎ ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ ሁለት መሰኪያ ያለው ሶኬት አይቻለሁ። አንዱን የሻይ ማፍያዎ ይዞታል፤ ሌላው ባዶ ነው። የየኔታ ማሽን በባዶው ይሠራል፤ የሻይ ማፍያውን ማንም እንዳይነካው ለተማሪዎቹ አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ፤ እርሱ መብራት እንዳይጠፋበት ጽሕፈት ቤትዎ ምን ያህል እንደደከመ በዓይኔ አይቻለሁና።